የቢሮ ስልካችን ይቆራረጣል፤ ሌላ ገመድ እንዘርጋ ወይ?

ጥያቄ፦ ቢሯችን አዳማ ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ የሕንፃ ዕቃ እናከፋፍላለን። በቅርቡ የድሮውን ስልክ ትተን 22 አይፒ ፎኖች (በኔትወርክ ገመድ የሚሠሩ ስልኮች) እና ጥሪዎቹን የሚያገናኝ የራሳችን ፒቢኤክስ ሰርቨር አስገባን። ድምፁ ግን በተለይ ከሰዓት በኋላ ይቆራረጣል፤ ደንበኞች «ድምፃችሁ አይሰማም» ብለው ይዘጉብናል። አንድ ባለሙያ ለስልኩ ብቻ የተለየ ገመድና ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበት ሳጥን) እንድንገዛ ነገረን። ሌላው «ቪላን ይበቃችኋል፤ ያለውን ኔትወርክ ለሁለት መክፈል ነው» አለ። ማንን እንስማ?
የቢሮ ኃላፊ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ገመዱን አይግዙ። ሁለተኛው ባለሙያ ያለዎት ልክ ነው፤ የነገረዎት ግን ግማሹን ነው።

ምንም ገንዘብ ሳያወጡ ነገ ከሰዓት፣ ድምፁ መበላሸት ሲጀምር፣ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ከታች ፎቅ ወደ ላይኛው በውስጥ ቁጥር ይደውሉና ሁለት ደቂቃ ያህል ያውሩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማ የቢሮው ውስጥ ኔትወርክ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ወደ ውጭ በሚወጣው የኢንተርኔት መስመር ላይ ነው ማለት ነው። የውስጡም ከተቆራረጠ ስዊቹንና ገመዱን እንጠርጥር። «ድምፃችሁ አይሰማም» የሚሉዎት ደንበኞች ለእርስዎ በደንብ የሚሰሙ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ በሙሉ ወደ አፕሎዱ፣ ማለትም ከቢሮው ወደ ውጭ ወደሚላከው፣ ነው።

ይህን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ሥራ ላይ ነው። ስልኩን ከኮምፒውተሩ በቪላን ለይቼ፣ ፈትሼ፣ ጨረስኩ ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደወለችልኝ፤ «እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም። ቀጠሮ የሚይዙት እናቶች ተስፋ ቆርጠው እየዘጉ ነው» አለችኝ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል ድምፁ ተበጣጠሰ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት እንደዚያው ሆነ። ለካ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር የቀኑን ፋይል ወደ ውጭ ሰርቨር የሚልከው 9 ሰዓት ላይ ነበር። ቪላኑ በትክክል ይሠራል፤ እኔ ግን መውጫው ላይ ለስልኩ ቅድሚያ አልሰጠሁትም። ያንን ሳስተካክል ከአንድ ሰዓት በላይ አልወሰደብኝም፤ ለዚያ አንድ ሰዓት ሥራ ስንት ታካሚ ሳይሰማ እንደዘጋ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪላን ማለት በአንድ ስዊችና በአንድ ገመድ ላይ ሁለት ኔትወርክ እንዲኖር ማድረግ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት እንደመሥራት ይቁጠሩት፤ የአንዱ ቤት ጫጫታ ሌላው ውስጥ አይገባም። የግቢው በር ግን አንድ ነው። ሁሉም የሚጋፋው እዚያ በር ላይ ነው።

ስልክ ደግሞ ግፊያ አይችልም። ጂ.711 በሚባለው የተለመደ የድምፅ አላላክ ድምፅዎ በሰከንድ 50 ፓኬት (ትንንሽ ጥቅል) ሆኖ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ፓኬት የ20 ሚሊሰከንድ ንግግር ይዟል። አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ቢወስድ ነው፤ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ እንኳ አንድ ሜጋቢት አይሞላም። ስለዚህ ስልኩ ብዙ መስመር አይፈልግም፤ የሚፈልገው አለመጠበቅን ነው። አፕሎድዎ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። አንድ ሙሉ የፋይል ፓኬት፣ ማለትም 1500 ባይት፣ ለመውጣት 6 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ከድምፁ ፊት እንዲህ ያሉ 30 ፓኬቶች ከተሰለፉ 180 ሚሊሰከንድ ሄደ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው ደግሞ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ኢሜይል ቢዘገይ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ግን ይጣላል።

እንግዲህ ለባለሙያዎ ይህን ይንገሩት። ስዊቹ ማኔጅድ መሆን አለበት፤ ርካሹና ምንም ኮንፊገር የማይደረገው ቪላን አያውቅም። ለኮምፒውተር ቪላን 10፣ ለስልክ ቪላን 20 ይክፈት፤ አድራሻቸውም ይለያይ፦ ለኮምፒውተሮቹ 192.168.10፣ ለስልኮቹ 192.168.20። ፒቢኤክሱ ከስልኮቹ ጋር ይሁን። ሁለቱን ፎቆች በሚያገናኘው ገመድ ላይ ሁለቱም ቪላኖች እንዲያልፉ ይፍቀድ፤ «የላይኛው ፎቅ ስልክ አልነሳ አለ» ሲባል ሄጄ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህ ተረስቶ ነው።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ገመድ የማያስፈልገው ለምን እንደሆነ ለማየት ስልኩን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ አለ፦ አንዱ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ወደ ኮምፒውተሩ። ስልኩ በሆዱ ትንሽ ስዊች ይዟል። የራሱን ድምፅ የቪላን 20 ምልክት ለጥፎበት ይልካል፤ የኮምፒውተሩን ያለ ምልክት ያሳልፋል፤ ስዊቹም ምልክት የሌለውን ቪላን 10 ውስጥ ያስገባዋል። ስልኩ የቪላን ቁጥሩን ከስዊቹ ኤልኤልዲፒ-ሜድ በሚባል መንገድ ራሱ ይጠይቃል፤ ካልሆነ በእጅ ይጻፍለታል። መሥራቱን እርስዎ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ የስልኩ ሜኑ ውስጥ ስታተስ የሚለውን ይክፈቱ። አድራሻው በ192.168.20 ከጀመረ ቦታውን ይዟል። በ192.168.10 ከጀመረ ምልክቱን አላገኘም፤ ባለሙያውን ሳይሄድ ይያዙት።

ከዚያ ቀዳዳ ጋር ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ስልኩ 100 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ከጀርባው የተሰካው ኮምፒውተርም ከዚያ በላይ አይሄድም፤ ትልልቅ ፋይል ለሚያመላልሱ ሠራተኞች ጊጋቢት ስልክ ይመደብ። ሁለተኛው ይብሳል። ጠረጴዛ ሲዘዋወር ሁለቱም ገመድ ግድግዳው ላይ ከተሰካ ኔትወርኩ በራሱ ላይ ይዞርና ቢሮው በሙሉ ቀጥ ሊል ይችላል። ስዊቹ ላይ የሉፕ መከላከያ ይከፈት።

አሁን ያልተነገረዎት ግማሽ። ስልኮቹ የድምፅ ፓኬቱን ዲኤስሲፒ 46 በሚባለው የቅድሚያ ምልክት ይላኩት፤ ስዊቹም ምልክቱን ይመን እንጂ አይሰርዘው። ራውተሩ ላይ አፕሎዱ ከእውነተኛው አቅም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገደብ፤ 10 ሜጋቢት የሚያገኙ ከሆነ 9 ላይ። ይህን የምለው ሰልፉ እርስዎ በማያዙት የመስመሩ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን በራስዎ ራውተር ውስጥ እንዲሆን ነው፤ እዚያ ከሆነ ድምፁን ከፊት ማስቀደም ይቻላል። ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል፣ የጥሪ ፓኬቶችን የሚነካካ ነገር ክፍት ከሆነ ይዝጋው፤ የአንድ ወገን ድምፅ የሚያጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ መብራት አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ስልኮቹ በየጠረጴዛው አዳፕተር የሚሠሩ ከሆነ መብራት ሲሄድ 22ቱም አብረው ይጠፋሉ። ፒኦኢ ስዊች በዚያው የኔትወርክ ገመድ ኃይል ይልክላቸዋል። አንድ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ስዊቹን፣ ራውተሩን፣ የመስመሩን ሳጥንና ፒቢኤክሱን ከያዘ ቢሮው ጨልሞም ስልክ ይነሳል። ለሁለተኛ ገመድ ያሰቡትን ገንዘብ እዚህ ላይ ያውሉት።

የፒቢኤክሱን ይለፍ ቃል ዛሬውኑ ይቀይሩ፤ ፒቢኤክሱ ጥሪ የሚቀበልበትን በር፣ ፖርት 5060ንም፣ ለመላው ኢንተርኔት ክፍት አያድርጉት። ሌሊት በሰው ፒቢኤክስ ውጭ አገር ደውለው ሂሳቡን ለባለቤቱ የሚተዉ ሌቦች አሉ።

ጥያቄ፦ እኛ ቢሮ የስልክ መሣሪያ የለም፤ በላፕቶፕ ላይ በተጫነ ፕሮግራም ነው የምንደውለው። ቪላን ይረዳናል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ብዙም አይረዳችሁም። ድምፁም ፋይሉም ከአንድ ላፕቶፕ ስለሚወጣ በአንድ ቪላን ውስጥ ናቸው። እናንተን የሚረዳችሁ ፕሮግራሙ ድምፁን በዲኤስሲፒ 46 ምልክት እንዲልክ ማድረግና ራውተሩ ላይ ከላይ ያልኩትን ቅድሚያ መስጠት ነው። ዊንዶውስ ላይ ምልክቱን ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከዊንዶውስ ፖሊሲ በኩል መስጠት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚያነሳው ሰው ደግሞ ዋይፋዩን ትቶ በገመድ ይሰካ።