ከእናት ወገን የሚወረስ ስኳር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሚቶኮንድሪያ ዘረ መል ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከወሎ ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱኝን እነሆ መልሻለሁ፤ ተመሳሳዮቹን አዋህጃለሁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እናታችን ስኳር አለባት። እትዬም ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ያዛት፤ ሁለቱም ቀጫጮች ናቸው፣ ጆሯቸውም እየደከመ ነው። የእናታችን ወንድም እንዲሁ ነው። ይያያዝ ይሆን?

መልስ፦ ሊያያዝ ይችላል፤ ከደረሱኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝም ይህ ጥያቄ ነው። ሚቶኮንድሪያ ከምግብ ያገኘነውን ጉልበት ሕዋስ ወደሚጠቀምበት ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል፣ ወደ ኤቲፒ፣ የሚለውጥ የሕዋስ ክፍል ሲሆን፣ 37 ዘረ መሎችን የያዘ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ይህም የሚወረሰው ከእናት ነው። በዚህ ዲኤንኤ 3243ኛ ቦታ ላይ ኤ የተባለችው ፊደል በጂ ስትተካ፣ ሕዋሱ ፕሮቲን ሲሠራ ሉሲን የተባለውን የፕሮቲን መሥሪያ (አሚኖ አሲድ) የሚያቀብለው ቲአርኤንኤ የተባለ ሞለኪውል ይበላሻል፤ የጉልበት ምርቱም ይዳከማል። የቆሽት ቤታ ሕዋሳት ኢንሱሊን የሚለቁት ግሉኮስ ገብቶ ኤቲፒ ሲጨምር፣ በዚህም የፖታሲየም መተላለፊያቸው ተዘግቶ ካልሲየም ሲገባ ነውና፣ ኤቲፒው ካነሰ ደም ውስጥ ስኳር ሞልቶም ኢንሱሊኑ በልኩ አይወጣም። የውስጥ ጆሮም ብዙ ጉልበት ፈላጊ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል። ስኳርና የመስማት ችግር በእናት መስመር አብረው የሚወርዱበት ይህ ሕመም ከለውጡ ጋር የተያያዘው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። ከስኳር ሕሙማን የሚይዘው ድርሻ ግን ትንሽ ነው፤ 1 በመቶ አካባቢ ተብሎ ይገመታል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ወንድ ከያዘው ልጆቹ ያሰጋቸዋል?

መልስ፦ በዚህ መንገድ አያሰጋቸውም። አጎት ከእናቱ ይቀበላል እንጂ ለልጆቹ አያወርስም፤ የአክስት ልጆች ግን ሊወርሱ ይችላሉ። እኛ አገር ዘር ሲቆጠር በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት መውጣት የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን በእናት በኩል ያሉትን ሴት አያትና አክስቶች ማስታወስ ይበልጥ ይጠቅማል። በተጨማሪም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ጤነኛውና የተለወጠው ዲኤንኤ ተቀላቅለው ስለሚገኙና ድርሻቸው ከሰው ሰው፣ ከአካል አካል ስለሚለያይ፣ ከአንድ እናት ልጆች አንዱ ገና በወጣትነቱ ሲታመም ሌላው ምንም ላይሰማው ይችላል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለስኳር ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ላቁመው?

መልስ፦ በራስዎ አያቁሙ። ሜትፎርሚን የሚቶኮንድሪያን የጉልበት ማምረቻ ሰንሰለት የመጀመሪያ ክፍል ስለሚገታና ላክቲክ አሲድ እንዲከማች ሊያደርግ ስለሚችል፣ የ3243ኛው ቦታ ለውጥ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ አይመረጥም። ለሌላው ታካሚ ግን ጥሩ መድኃኒት ነው። በቤተሰብዎ የጆሮ ችግር ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሳይጠየቁም ቢሆን።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ቫይረስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ በሁለት በኩል ይገናኛል። አንደኛ፣ በሚቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋን ላይ ማቭስ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቫይረስ መግባቱ ሲታወቅ ኢንተርፌሮን የተባለው ፀረ ቫይረስ ፕሮቲን እንዲመረት መልእክቱን የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። የተገኘው በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ይህንኑ ፕሮቲን በራሱ ኢንዛይም ቆርጦ ከመከላከያው ያመልጣል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚባዛበትን ኢንዛይም ስለሚገታ ነርቭ ይጎዳ፣ የፊትና የእግር ስብ ያመነምን ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል። «የእናት ዘር ሐረግ ኤድስን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል» የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ የተሠሩት ግን የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። የእኛ የእናት ሐረጎች ከእነርሱ በእጅጉ ስለሚለዩ፣ ያንን ውጤት ወደ ወሎ ማምጣት ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ምርመራው በደም ነው?

መልስ፦ በደም ይቻላል፤ ነገር ግን የተለወጠው ዲኤንኤ በደም ውስጥ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ውጤቱ ነጻ መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ከሽንት ጋር የሚወጡት ሕዋሳት የተሻለ ያሳያሉ፤ ናሙና የሚሰጥ ሰው ይህንን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።