ድርጭት በአፓርታማ፦ ጠይቃችኋል፣ ልመልስ

ድርጭትን አብዛኞቻችን በስም የምናውቃት እስራኤላውያን ምድረ በዳ ላይ ከበሏት ነው። ስለዚህ «ሳሎኔ ውስጥ ሁለት አሉኝ» ስል ሰው ይስቃል። እኔ ግን ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብል ጥያቄው ጎረፈ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ለአፓርታማ የትኛዋ ዓይነት ትሻላለች?

መልስ፦ ሰው ቤት በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ለእንቁላልና ለሥጋ የምትረባው የጃፓን ድርጭት ናት። ሁለተኛዋ የቻይና ድርጭት የሚሏት ደቃቋ ናት። ርዝመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷም ከ50 ግራም ብዙ አይርቅም። እኔ ደቃቋን ነው የምመርጠው። የጃፓኗ ክፉ ሆና አይደለም፤ ኩሷ ብዙ ነው፣ ወንዱም ጯሂ ነው።

ጥያቄ፦ ግድግዳችን ስስ ነው። ጎረቤት አይረብሹም?

መልስ፦ ሴቶቹ ጭር ጭር ከማለት አያልፉም። የደቃቋ ወንድ ሦስት ጊዜ የሚቆራረጥ፣ እንጉርጉሮ የሚመስል ጥሪ አለው። ሚስቱን ካጣት ደጋግሞ ያሰማል፤ አጠገቡ ካለች ግን ብዙም አይደክምበትም። የጃፓኑ ወንድ ሌላ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ሊጮህ ይችላል። የጃፓኖቹን ከወደዳችሁ ሴቶች ብቻ ያዙ። ወንድ ባይኖርም እንቁላል ይጥላሉ፤ አይፈለፈልም እንጂ።

ጥያቄ፦ በቀቀን የነበረበት ረጅም ኬጅ አለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ድርጭት መሬት ለመሬት የምትኖር ወፍ ናት። እንጨት ላይ አትሰፍርም፤ ከፍታው ለእሷ ምኗም አይደለም። ይባስ ብሎ አደጋ ነው። ክፉኛ ስትደነግጥ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው የምትወነጨፈው።

ባመጣኋቸው ሳምንት ማታ ኩሽና ውስጥ ክዳን ከእጄ አመለጠኝ። ሴቷ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተፈናጥራ የኬጁን ጣሪያ መታች። «ጧ!» የሚለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብርሃን አብርቼ ሳያት አናቷ ተልጦ ደም አዝሏል፤ ጥግ ላይ ክብ ሆና ተቀምጣለች። ተረፈች። በማግስቱ ኬጁን ቀየርኩት።

ቁመቱ ወይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ ተወንጭፋ ጉልበት ሳታገኝ እንድትደርስ፤ ወይ ደግሞ ከሰው ቁመት ይብለጥ። መካከለኛው ነው የሚገድለው። ከጣሪያው ሥር ለስላሳ ጨርቅ ወጥሩ። ወለሉን አስፉት፤ ለሁለት ደቃቆች እኔ 1 ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ሰጥቻቸዋለሁ። ወለሉ የሽቦ ወንፊት አይሁን፣ እግራቸውን ያቆስላል። መደበቂያ ጥግም አትንፈጓቸው።

ጥያቄ፦ ሽታውስ?

መልስ፦ ጉዝጓዙን ካልቀየራችሁ ይሸታል፣ ምን ይደበቃል። እርጥብ ኩስ አሞኒያ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ ከእናንተ አፍንጫ በፊት የእነሱን ሳንባ ነው የሚጎዳው። እርጥቡን በየቀኑ አንሱ፣ ጠቅላላውን በየሳምንቱ ቀይሩ። ውሃ አታጥቧቸው፤ ደረቅ አሸዋ በሳህን አድርጉላቸው። ገብተው ሲንከባለሉበት አቧራው ሶፋ ድረስ ይደርሳል፤ ይህንንም እወቁት።

ጥያቄ፦ የወፍ እህል ብቻ ይበቃቸዋል?

መልስ፦ አይበቃም። ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ፣ ለደቃቆቹ በደንብ ተፈጭቶ፣ ዋና ምግባቸው ይሁን። እህሉ፣ ጎመኑና ትሉ ማጣፈጫ ነው። አቮካዶና ቸኮሌት መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ በየቀኑ እንቁላል ትጥላለች! ጎበዝ አይደለችም?

መልስ፦ ጎበዝ ናት፤ ግን እያለቀች ነው። የሚያስጥላት ብርሃን ነው። ሳሎኑ ውስጥ መብራት እስከ እኩለ ሌሊት ከበራ ለእሷ የመራቢያ ወቅት አያበቃም። ለቅርፊቱ የሚሆነው ካልሲየም ከመኖው ካነሰ ከአጥንቷ ይመዘዛል። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የባሕር ዛጎል በተለየ ዕቃ አስቀምጡ። በየጊዜው ደግሞ ብርሃኑን በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ብቻ አድርጋችሁ አሳርፏት። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ካማጠች እንቁላል ይዟታል ማለት ነው። ሙቀት ስጧትና ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ «ነገ እናያለን» አይሠራም።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አቅፋ ትጫወትባቸዋለች?

መልስ፦ እህቴ፣ ለማቀፍ ከሆነ ሌላ እንስሳ ፈልጊላት። ድርጭት የምትታይ እንጂ የምትታቀፍ አይደለችም። ግን እንዴት ያለች የምትታይ! ትል ስጥልለት የእኔው ወንድ አይበላውም። በመንቆሩ ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ቀስ ባለ ድምፅ ይጣራል። ሴቷ እየተንደረደረች መጥታ ከአፉ ትነጥቀዋለች። እሱ ቆሞ ያያታል። ልጅሽ ይህን ቁጭ ብላ ብታይ አትሰለችም። ከነካቻቸው ግን እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወንዶች አብረው ይኖራሉ?

መልስ፦ ይፋጃሉ። ደቃቆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉ። የጃፓኑን ወንድ ግን ከአንድ ሴት ጋር ብቻ አትተዉት፣ ያሰቃያታል፤ አራት ያህል ይኑሩት።

ጥያቄ፦ ጫጩት ማግኘት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ደቃቋ ሰላም ካገኘች ራሷ ልትታቀፍ ትችላለች፤ 16 ቀን ገደማ ይፈጃል። የጃፓኗ በእርባታ ብዛት መታቀፉን ረስታዋለች፤ 17 ወይም 18 ቀን መፈልፈያ ማሽን ያስፈልጋችኋል። በ1990 እ.ኤ.አ. ሚር በተባለው የጠፈር ጣቢያ ላይ የድርጭት ጫጩት የተፈለፈለውም በማሽን ነው። የደቃቋ ጫጩት ከትልቅ ንብ ብዙም አትበልጥም። በሽቦው መሃል ሾልካ ትወጣለች፣ የውሃ ሳህን ውስጥም ትሰምጣለች። ሳህኑን በጠጠር ሙሉት፤ ውሃው በጠጠሮቹ መሃል ብቻ ይታይ።

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ክፍል ቤት (ስቱዲዮ) ነው የምኖረው፤ ኩሽናውም እዚያው ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ምግብ የማይጣበቅበትን (ቴፍሎን) መጥበሻ አስወግዱት። ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ድመት አለችን፣ ግን ጨዋ ናት።

መልስ፦ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ይኖራሉ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት፤ ብዙ የጣለች ሴት ከዚያም ልታንስ ትችላለች። የመጀመሪያዋ ሴት የሞተችብኝ ጊዜ ወንዱ አምስት ሌሊት ተጣራ። በስድስተኛው ቀን ሌላ አመጣሁለት። መጀመሪያ በመሃላቸው ሽቦ አድርጌ አስተያየኋቸው፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ፣ በአንዴ አትቀላቅሏቸው።