መልስ፦ ኖትቡክ ሥራውን ሲጨርስ ራሱን እንዲዘጋ
ጁፒተር ኖትቡክ (ኮድ በብሮውዘር ውስጥ ክፍል በክፍል የሚጻፍበትና የሚሠራበት መሣሪያ) ሲጨርስ በራሱ ይዘጋ ዘንድ ምን ላድርግ ላልከው፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በል። የብሮውዘሩን ታብ መዝጋት ከርነሉን (ኮዱን ከኋላ ሆኖ የሚያሠራውን ፕሮግራም) አያቆመውም። ሜሞሪውንና ጂፒዩውን (ከባድ ስሌት የሚሠራውን የግራፊክስ ቺፕ) እንደያዘ ይቆያል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቁጭ ብለህ የማትጠብቀው ሥራ ከሆነ ከተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) በኤንቢኮንቨርት (nbconvert) ወይም በፔፐርሚል (papermill) አስነሳው፤ ሁለቱም ኖትቡክን ያለ ብሮውዘር የሚያስኬዱ መሣሪያዎች ናቸው። የመጨረሻው ሴል (የኮድ ክፍል) ሲያልቅ ከርነሉም አብሮ ይዘጋል፤ ውጤቱ ፋይል ላይ ይቀመጣል። እኔ የምመክርህ ይህንን ነው።

የግድ በብሮውዘር ከሆነ ግን በጁፒተር ሰርቨር ኮንፊግ (ቅንብር) ፋይል ‹ከል አይድል ታይምአውት› (cull_idle_timeout) የሚለውን ሙላ፤ ሥራ ፈት የሆነ ከርነል ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። ቁጥሩ በሰከንድ ነው፤ 3600 አንድ ሰዓት ይሆናል። ካልነካኸው 0 ስለሆነ ምንም አይዘጋም። ታቡ ክፍት የሆነ ከርነልንም ‹ከል ኮኔክትድ› (cull_connected) የሚለውን ቅንብር ካላበራህ አይነካውም።

ክላውድ (በኢንተርኔት የተከራየኸው ማሽን) ላይ ከሆንክ ከርነሉ ቢዘጋም ማሽኑ ሂሳብ መቁጠሩን አይተውም። ማሽኑን የሚያጠፋ ትዕዛዝ ከኋላው አስከትል፣ ኮዱ በስህተት ቢቆምም እንዲሠራ አድርገህ።