ኦንላይን ጌም በየትኛው ልጀምር? የጅማ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ኦንላይን ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚጠይቁኝ የጅማ ሰዎች በዝተዋል። የራስህን ካራክተር ፈጥረህ፣ ከሺዎች ጋር በአንድ ዓለም ውስጥ እየሠራህና እየተዋጋህ ቀስ በቀስ የምታሳድግበትን ዓይነት ጌም ማለቴ ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ (ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ተማሪ)፦ እስካሁን የማውቀው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ሄዶ ኳስ መጫወት ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ጀምር። ጌሙ በ2013 ነው የወጣው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ የተሠራው ግን ከ2007ቱ ሩንስኬፕ ላይ ነው። ስለዚህ ምስሉ ቀለል ያለ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል። ከ2018 ጀምሮ ስልክ ላይም አለ፣ አካውንቱም አንድ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያቆምከውን ስልክ ላይ ትቀጥላለህ። መብራት ሲጠፋ ይሄ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔ ለጀማሪ ጌም ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚያጣ ነው። እዚህ ዓሣ እያጠመድክ ወይም እንጨት እየቆረጥክ ቢቋረጥብህ ምንም አታጣም፣ ተመልሰህ ትቀጥላለህ። ውጊያ ላይ ከሆንክ ግን ልትሞት ትችላለህ። ብትሞትም በዋጋ የሚበልጡት ሦስት ዕቃዎችህ በተለምዶ አንተው ጋ ይቀራሉ። ሌላው መቃብርህ ላይ 15 ደቂቃ ይጠብቅሃል፣ ሮጠህ ታነሳዋለህ። ለጀማሪ እንዲህ የሚታገሥ ጌም ብዙ የለም።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ ኔቴ ይንቀራፈፋል። ሰርቨሩ ደግሞ ውጭ አገር ነው። ላግ አያስቸግርም?

መልስ፦ ሌላ ጌም ቢሆን አዎ እልህ ነበር። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ግን ትእዛዝህን የሚያስተናግደው በየ0.6 ሰከንዱ ነው። ሁሉም ሰው ያንኑ ምት ስለሚጠብቅ ትንሽ መዘግየት ብዙም አይታወቅህም። ስትገባ የዎርልዶች (የጌሙ ሰርቨሮች) ዝርዝር ይመጣል፤ የጀርመን ወይም የእንግሊዝ የሆነውን ምረጥ። የአሜሪካና የአውስትራሊያዎቹ ለእኛ ይርቃሉ። መጀመሪያ ዳውንሎድ ስታደርገው ዋይፋይ ፈልግ፤ ከዚያ በኋላ ፓኬጅህን አይጨርስብህም።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፋይናል ፋንታሲ 14 እና ስለ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ነው። ለምን እነሱን አትመክርም?

መልስ፦ ፋይናል ፋንታሲ 14ን በጣም እወደዋለሁ። ነፃ ሙከራው እስከ ሌቭል 70 ይወስድሃል፣ የጊዜ ገደብም የለውም። ታሪኩ ብቻውን ወራት ያጫውታል። ችግሩ መጠኑ ነው፣ ከ100 ጊጋ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ጥሩ ኮምፒውተርና ያልተገደበ ዋይፋይ ካለህ ዛሬውኑ ጀምረው። በስልክ ዳታ ግን አትሞክረው። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከ2004 ጀምሮ ያለ ትልቅ ጌም ነው። በነፃ እስከ ሌቭል 20 ያስኬድሃል፣ ከዚያ በየወሩ በዶላር መክፈል ይመጣል። ጊልድ ዋርስ 2 ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ዋናው ጌምም ነፃ ነው። ለእሱም ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያስፈልግሃል።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ ጓደኞቼ አልቢዮን ኦንላይን ግባ እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ግባ፣ ግን ሁለተኛ ጌምህ ይሁን። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ከ2024 ጀምሮ የአውሮፓ ሰርቨርም አለው። ነገር ግን ቀይና ጥቁር በተባሉት ቦታዎች የገደለህ ሰው የያዝከውን በሙሉ ይወስዳል። እዚያ መሀል ኔት ቢጠፋብህ የሳምንት ልፋትህ ገደል ገባ ማለት ነው። ጀማሪ በዚህ ተናዶ ጌም ጭራሽ ሲተው አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል። ከገባህ ሰማያዊና ቢጫው ላይ ቆይ። ጓደኞችህ ቢገፋፉህም እንኳ።

ጥያቄ (ከሄርማታ፣ እናት)፦ ልጄ፣ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። የማያውቃቸው ሰዎች እንዳያናግሩት እፈራለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሩንስኬፕ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን አይፈቅድም፣ የእርስዎ ልጅ ደርሷል። ቻቱን መዝጋት ይቻላል። ከቻት ሳጥኑ ሥር ያሉትን ቁልፎች ተጭኖ የሕዝቡንም የግሉንም ጓደኞቹ ብቻ እንዲጽፉለት ያደርጋል፣ ወይም ጨርሶ ያጠፋዋል። አብረውት ቁጭ ብለው ያስደርጉት። እውነተኛ ስሙን፣ ትምህርት ቤቱንና ስልክ ቁጥሩን ለማንም እንዳይሰጥም ይንገሩት።

ጥያቄ (ከቢሺሼ)፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

መልስ፦ አትፍራ። ንግግሩ አንተ ቀጥል እስክትለው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የማታውቀውን ቃል ፈልገህ ትመለሳለህ።

ጥያቄ (ከመርካቶ፣ ባለሱቅ)፦ ዕድሜዬ ገፋ ብሏል። ሱቅ ዘግቼ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ሰዓት አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሩንስኬፕ መጀመሪያ አንዲት ደሴት ላይ ያወርድዎታል። እዚያ ሽሪምፕ አጥምደው ይጠብሳሉ። ከዚያ ቆርቆሮና መዳብ ቆፍረው ያቀልጡና ነሐስ ያደርጉታል፣ ከነሐሱም ጩቤ ይሠራሉ። አስተማሪዎቹ አንድ በአንድ ያሳዩዎታል፣ የሚያጣድፍ የለም።

ከደሴቷ ሲወጡ ላምብሪጅ የምትባል ከተማ ይደርሳሉ። ቀጥታ ቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ይግቡ። ምግብ አብሳዩ ተጨንቆ ያገኙታል፤ የዱኩ (የከተማዋ ገዥ) ልደት ነው፣ ኬክ መጋገር አለበት፣ ዕቃ ግን የለውም። እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት ይፈልጋል። እንቁላሉን ዶሮዎቹ ካሉበት ግቢ ያነሳሉ። ባልዲ ይዘው ላም ያልባሉ። ለዱቄቱ ስንዴ ቆርጠው በነፋስ ወደሚዞረው ወፍጮ ይሄዳሉ። ላይኛው ፎቅ ወጥተው ስንዴውን ያፈሳሉ፣ ማንሻውን ይስባሉ፣ ምድር ወርደው ዱቄቱን በማሰሮ ይቀበላሉ። ብዙ ሰው ይሄን ማሰሮ ይረሳል፣ ከወጥ ቤቱ ይዘው ይውጡ። ይህን ሲጨርሱ አሠራሩ ገብቶዎታል። ሌቭል ለማሳደግ አይቸኩሉ። የመጨረሻው 99 ነው፣ የልምድ ነጥቡ ግማሽ የሚሞላው ግን 92 ላይ ነው።

ጥያቄ (ከጂሬን)፦ አንድ ሰው «ወርቅህን ስጠኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ውሸት ነው። በገበያው አካባቢ ቆመው እንዲህ የሚጮኹ ብዙ ናቸው። ትንሹን እጥፍ አድርገው ይመልሱልሃል፣ ልብህ ሲሞላ ትልቁን ይዘው ይጠፋሉ። «ፓስወርድህን ቻት ላይ ጻፍ፣ ጌሙ በኮከብ ይሸፍነዋል» የሚልህም ሌባ ነው። ኮዱ በስልክህ የሚመጣውን ባለሁለት ደረጃ መግቢያ ዛሬውኑ አብራ። ቴሌግራም ላይ አካውንት ወይም ወርቅ ከሚሸጡ ሰዎችም አትግዛ፤ ሕጉ ይከለክላል፣ አካውንትህም ይዘጋል። የሚከፈልበትን ክፍል የሚከፍተውን አባልነት ስለመግዛት ገና አታስብ። ነፃው ክፍል ለወራት ይበቃል። በኋላም በጌሙ ወርቅ የሚገዛ ቦንድ የሚባል ነገር አለ፣ አንዱ የ14 ቀን አባልነት ይሰጣል።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ እህቴ አዲስ አበባ ናት። አብረን መጫወት እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። ሁለታችሁም የነፃ ዎርልድ ምረጡና ቁጥሩን ተነጋገሩ፣ ያው ቁጥር ላይ ካልገባችሁ አትገናኙም። በጓደኛ ዝርዝርሽ ላይ ስሟን መዝግቢ፣ የትኛው ዎርልድ ላይ እንዳለች ከስሟ አጠገብ ያሳይሻል። ስትገቢ ላምብሪጅ ቤተ መንግሥት በር ላይ ተቃጠሩ።