የእማማ ምጣድ ለቆራሌው ይሰጥ?

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ አንዲት የሰፈር ልጅ ቤቴ መጣች። በቅርቡ አግብታ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ነው። በራይድ አስጭና ያመጣችው የኤሌክትሪክ ምጣድ በራፌ ላይ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ የእማማን ምጣድ ልውሰደው ወይስ ለቆራሌው ልስጠው?» አለችኝ። እማማ የምትላቸው አያቷን ነው፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጥያቄው ቀላል መስሏታል። እኔ ግን ቡናዬን አስቀምጬ መነጽሬን ፍለጋ ገባሁ።

38 ዓመት ፍሪጅ፣ ምጣድና ምድጃ ጠግኛለሁ። ተግባረ ዕድ ተምሬ፣ ሰራተኛ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፍቼ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ነው ያረጀሁት። በዚያ ሁሉ ዘመን ዕቃ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ዕቃውን ከነታሪኩ ነው የሚያመጣው። «ይሄ የሰርጌ ነው» ይላል። «አባቴ ከአስመራ ያመጣው ነው» ይላል። የጥገናውን ዋጋ ስነግረው «አዲሱ እኮ ከዚህ ብዙም አይበልጥም!» ብሎ ይስቃል። ግን ጥሎት አይሄድም።

አሁን ደግሞ ጊዜው የመልቀቅ ሆኗል። ከፒያሳውም ከካዛንቺሱም ብዙ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ቤት ሲለቀቅ ጓዳው ይራገፋል። የሚጣለውና የሚያዘው በአንድ ቀን ይወሰናል፤ ወሳኞቹም እናንተ ናችሁ። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ከምጣድ ልጀምር። አሮጌ ምጣድ መውደድ ሞኝነት አይደለም። እናቶቻችሁን ጠይቁ። አዲስ ምጣድ ካልተሟሸ እንጀራ አያወጣም። ጎመን ዘር ተደቁሶ ይታሽበታል፤ ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ይሰርጋል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይይዛሉ፣ ይቀደዳሉ፣ ጋጋሪዋን ያናድዳሉ። ዓመታት የተጋገረበት ምጣድ ግን ዘይት ጠግቦ፣ ጠቁሮ፣ ፊቱ ያብረቀርቃል። ይሄ ትዝታ አይደለም፤ ገበያ ወጥታችሁ የማትገዙት ጥቅም ነው። ስለዚህ ሸክላው ካልተሰነጠቀ «አሮጌ ነው» ብላችሁ ብቻ አትጣሉት።

ችግሩ ያለው ከሆዱ በኩል ነው። ሸክላው ከታች የተቦረቦረ መስመር አለው። እዚያ ውስጥ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ሽቦ ይተኛል፤ በላዩ ጄሶ ይለሰንበታል። ሽቦው ኒክሮም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከኒኬልና ከክሮሚየም ነው። ፍም መስሎ እየጋለም ቶሎ አይበላም። እንደዚህ ሽቦ የማከብረው ነገር ጥቂት ነው።

ያም ሆኖ አንድ ቀን ይበጠሳል። ያኔ የሰፈር ጠጋኝ ይጠራል። የተቃጠለውን ቁራጭ ቆርጦ ይጥልና ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ያገናኘዋል። በሚቀጥለው ጊዜም እንደዚያው። ሂሳቡን ላሳያችሁ። አንድ ምጣድ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ከሆነ ወደ 16 አምፒር ይፈልጋል ማለት ነው። ከሽቦው ከአሥር አንድ እጁን ቆርጣችሁ ብትጥሉ ምጣዱ ወደ 3900 ዋት ይጠጋል። ሽቦው ሲያጥር የሚያግደው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ባለቤቶቹ ግን ደስ ይላቸዋል። «ጋሼ፣ ከተጠገነ ወዲህ እኮ እሳት ሆነ!» ይሉኛል። አዎ፣ እሳት ሆኗል። ሶኬቱም ቀልጧል። ሽቦው ሲበጠስ መቀጠሉን ትታችሁ ሙሉውን አስቀይሩት። ስስ ኤክስቴንሽን ላይም አትሰኩት።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳልረሳ። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት እናት ዘንድ ለጥገና ሄጄ ነበር። ጣውላ ላይ ቆመው፣ የላስቲክ ጫማ አድርገው ይጋግራሉ። ምጣዱ ይነዝራል። «ኧረ እማማ፣ ይሄ እኮ ይገድላል!» ስላቸው «ለምጄዋለሁ፤ ሲነዝረኝ እንቅልፌ ይለቀኛል» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኧርዝ የሚባለው፣ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሦስተኛው ሽቦ ያልተገናኘለትን ምጣድ፣ ማንም ያውርሳችሁ ማን፣ ሳታሠሩ አትጠቀሙበት።

ወደ ፍሪጅ ልለፍ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር።

እናቴ ፍሪጅ የገዛችው በ1964 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ሥሪት፣ ጀርባው ክብ፣ በሩ እንደ መኪና በር በመቆለፊያ ቀጭ ብሎ የሚዘጋ። በግቢያችን የመጀመሪያው ፍሪጅ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ሥጋውን እኛ ቤት ያሳድር ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ በረዶው ወፈረና ላግዛት ብዬ በቢላ ፈለጥኩት። ፍስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ወጣ። ከበረዶው ሥር ያለችው ቆርቆሮ ስስ መሆኗን ማን ነግሮኝ! እናቴ አልመታችኝም። ጠጋኙ ሲመጣ «አጠገቡ ቁጭ በልና እይ» አለችኝ። ሙያዬ የተጀመረው ያን ቀን ነው። በረዶ ሲወፍር ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉት፣ በሩን ክፈቱትና ጠብቁ። ቢላ አታስጠጉ።

እናቴ በ1998 ዓ.ም. አረፈች። ፍሪጁን ቤቴ አመጣሁት፤ መከራዬም ያኔ ጀመረ። ጋዙ ፍሪዮን 12 የሚባለው ነበር፤ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት ምርቱ ደረጃ በደረጃ የቆመ ጋዝ ነው። ሲያልቅ በሌላ ተካሁት። የበሩ ጎማ ደረቀ፤ ከሌላ ፍሪጅ ቆርጬ ለጠፍኩ። ቅዝቃዜው ሲበቃ ሞተሩን የሚያጠፋው ቴርሞስታት ሞተ፤ አልፌው ቀጥታ አገናኘሁት። ደንበኛ እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልኝ እቆጣው ነበር። ሞተሩ ማረፍ አቆመ። 150 ዋት የሚስብ ሞተር 24 ሰዓት ሙሉ ከሠራ በወር ወደ 108 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ከፍ ይላል። ሂሳቡን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ማታ ማታ ያ ሞተር ሲያጉረመርም የልጅነት ቤቴ ነበር የሚሰማኝ።

ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ታገሰችኝ። አንድ ማታ ወተቱ ኮምጥጦ ስታገኘው «ይሄ ፍሪጅ ነው ወይስ ተዝካር?» አለችኝ።

በማግስቱ ነቀልኩት።

አልጣልኩትም ግን። ዛሬ ጓዳችን ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ማስቀመጫ ነው፤ ነቀዝ አይገባበትም። በመጀመሪያ ግን የበሩን መቆለፊያ ፈታሁ። እንዲህ ያሉ የድሮ ፍሪጆች ከውስጥ አይከፈቱም። ሕፃናት ድብብቆሽ ሲጫወቱ እየገቡ ታፍነው ስለሞቱ፣ አሜሪካ በ1956 እ.ኤ.አ. በሩ ከውስጥ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። የድሮ ፍሪጅ ግቢ ውስጥ ካላችሁ ዛሬውኑ መቆለፊያውን ወይም በሩን አውልቁት። ይሄንን ለምኜ ነው የምጠይቃችሁ።

አዲስ ለምትገዙም አጭር ነገር አለኝ። ጀርባው ላይ R600a የሚል ካያችሁ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ እሳት ይዞ የሚጠጋ ጠጋኝ እንዳያታልላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አትሰኩት፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ አሳርፉት። አንድ የብር ኖት በበሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለችግር ከወጣ ጎማው አልያዘም። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚባለው ለዕቃም ይሠራል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆዩ ዕቃዎችን ስከፍት ብዙ ጊዜ ያየሁት ጥሩ ማርካ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው አቧራ የሚጠርግለት ሰው ነበረው።

የልጅቷን ምጣድ ገልብጬ ጄሶውን አነሳሁ። ሸክላው ደህና ነው፤ እንዲያውም እንደ መስታወት። ሽቦው ግን ሦስት ቦታ ተቋጥሯል፤ ኧርዝም የለውም። «ሽቦውን እንቀይራለን፣ ኧርዝ እናገባለን። ክዳኑም ተጣሟል፤ አዲስ ግዢ» አልኳት።

ክዳኑን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። እጀታው በነጠላ ጥለት ተጠቅልሏል፤ አረንጓዴው ቀለም በጭስና በእጅ ላብ ጠቁሯል። እጅ እንዳያቃጥል እማማ በእጃቸው የጠቀለሉት ነው።

«ክዳኑን አትንካብኝ ጋሼ» አለች።

ጨርቅ ሙቀት ይከላከላል። በሙያዬ የምከራከርበት ምክንያት አላገኘሁም። የተጣመመውን በመዶሻ ቀስ አድርጌ አቀናሁላት።