ቤቱን ለማዳን መጀመሪያ ሞግዚትነቱን ያዢ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። «ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ታናናሾቼ በየዘመዱ ተበትነዋል፤ አጎቴ የአባቴን ቤት ሸጠን እንካፈል ይላል፤ 19 ዓመቴ ነው፣ ልሰበስባቸው እችላለሁ ወይ?» ላልሽው፣ ትችያለሽ። እኔም በአንቺ ዕድሜ እዚሁ አዲስ አበባ አልፌበታለሁ።

አጎትሽ የሚካፈለው ነገር የለውም። ኑዛዜ ከሌለ ልጅ እያለ የሟች ወንድም አይወርስም፤ ልጆች ደግሞ ሴት ወንድ ሳይባል እኩል ትወርሳላችሁ። እሱ እጁን ማስገባት የሚችለው በታናናሾችሽ ሞግዚትነት በኩል ነው። ስለዚህ ስለ ቤቱ አትጨቃጨቂው፤ ቀድመሽ ሞግዚትና አሳዳሪ (ልጆቹንም ንብረታቸውንም በሕግ የምትጠብቂ) ሁኚ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅ የመረጠው ሰው ከሌለ አያቶችን፣ ቀጥሎ 18 ዓመት የሞላው ወንድም ወይም እህት፣ ከዚያ በኋላ ነው አጎትና አክስትን የሚጠራው። ሞግዚት የሆነ ሰውም ቢሆን የልጆቹን የቤት ድርሻ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ይህን ከሰማሁ ወዲያ ነው እኔን እንቅልፍ የወሰደኝ።

ማመልከቻውን ከወራሽነት ማስረጃው ጋር ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አስገቢ። የሞት ማስረጃ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ምስክሮች ያስፈልጉሻል። ምስክር ከእድር ጥሪ፤ ቤተሰቡን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልጆቹን ግን ሁሉንም ባንዴ አታምጪ። እኔ መጀመሪያ ሰርቪሷን አከራየሁ፣ እንጀራ ለሱቅ ማስረከብ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወንድሜን አመጣሁት። ትንሿን ያመጣኋት ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ነው (በዓመቱ መሀል ለመሸኛ መመላለሱ ያማርራል፣ ልጅቷም ትጎዳለች)። ልብሷን በፌስታል ይዛ መጣች፤ ቁም ሳጥኑ ባዶ እያለ ለሳምንታት ጠዋት ከፌስታሉ አውጥታ ትለብሳለች፣ ማታ አጣጥፋ መልሳ ትቋጥረዋለች። ያንቺዎቹም እንዲህ ቢያደርጉ ዝም በያቸው፤ ነገ የሚወሰዱ እየመሰላቸው ነው። ያስጠጓቸውን ዘመዶችም አመስግነሽ ልጆቹን ተቀበዪ እንጂ ተጣልተሽ አትውሰጂያቸው። የደብተርና የዩኒፎርም ወር ሲመጣ የምትደውዪው ለእነሱው ነው፣ እመኚኝ።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፤ ካርታው በማን እጅ ነው? አጎትሽ ጋር ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው እስኪወጣ አትጠብቂ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ ጠይቂ። መልሱን እዚሁ ጻፊልኝ።