የአቮካዶ ሥር መበስበስ፦ በዚያው ጉድጓድ እንደገና ከመትከልዎ በፊት

የአቮካዶ ዛፎችዎ ቅጠላቸው አንሶና ገርጥቶ፣ ቅርንጫፎቻቸውም ከጫፍ ጀምሮ እየደረቁ መሆኑን፣ ውሃና ማዳበሪያ ቢጨምሩም ለውጥ አለማየትዎን ገልጸው፣ የደረቁትን ነቅለው በዚያው ጉድጓድ አዲስ ችግኝ ቢተክሉ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህን ችግር በራሴ ዛፎች ላይ ለዓመታት ስላየሁት፣ እባክዎ ለጊዜው አይትከሉ፤ ውሃም አይጨምሩ።

አስቀድመው ከዛፉ ጥላ ሥር አፈሩን በእጅዎ ገለጥ አድርገው ቀጫጭን ሥሮቹን ይመልከቱ። ጤነኛው ሥር ነጣ ያለ ነው፤ የታመመው ጠቁሮ፣ ገና ሲነኩት ይሰበራል፣ አንዳንዴም ከናካቴው አይገኝም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ የሥር መበስበስ ነው የሚለው ጥርጣሬ ይበልጥ ይጠነክራል። እኔ ጥማት መስሎኝ ውሃ በማብዛቴ፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል የነበሩትን ዛፎች ተራ በተራ አጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል ተዋሲ ነው። ፈንገስ ቢመስልም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ ዘሮቹ በአፈር ውስጥ ባለው ውሃ እየዋኙ ሥር ላይ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት በቀረፋ ዛፍ ላይ ታውቆ ስሙንም ከቀረፋው ያገኘ ሲሆን፣ አንዳንድ የባሕር ዛፍ ዝርያዎችን ጨምሮ ከሺህ በላይ የተክል ዓይነቶችን ያጠቃል። ዛፉ ቢነቀልም ተዋሲው በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ ባዶ የሚመስለው ጉድጓድ ባዶ አይደለም።

ገና ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ግንዳቸው ላይ በመርፌ በሚሰጥ ፖታሲየም ፎስፎኔት ማዳን ይቻላል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ዛፉን ይረዳል እንጂ አፈሩን አያጸዳም። ስለዚህ ግንዱን ሳያስነኩ ወፍራም ጉዝጓዝ ያልብሱ፣ ውሃ የሚተኛበትንም ቦታ በቦይ ያጠንፍፉ። ወደፊት ሲተክሉ ከፍ ባለ የአፈር ቁልል ላይ፣ ዱሳ እንደሚባለው የአቮካዶ ዝርያ ባለ በሽታውን በሚቋቋም ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ ይምረጡ፤ የችግኙንም ሥር ሳያዩ አይረከቡ፣ ምክንያቱም በሽታው ወደ እኔ የገባው በችግኝ ከረጢት አፈር ነበር።

ሥራዎን ሁልጊዜ ከጤነኞቹ ዛፎች ጀምረው በታመሙት ይጨርሱ፤ ሲወጡም የጫማዎንና የዶማዎን ጭቃ እዚያው አራግፈው ይጠቡ።